እንዴት ይሠራል? ያው ቀልድ በሌላ አፍ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቢያንስ አንድ ቀልድ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ምናልባት የታክሲ ረዳቱ ጣል ያደረጋት ናት፤ ምናልባት ሻይ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባ ያወራት፤ ምናልባትም ቡና እየተቆላ ጎረቤት ይዛት የመጣች። ስቃችሁ አለፋችሁ። በየቀኑ የምንጠቀምበትን ይህን ነገር ፈታትቶ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠውና አብረን እንፍታው።

ለሥራው ይህች ትበቃናለች፦

«ጎረቤቴ ክብደት ለመቀነስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ትሄዳለች፤ እኅቷ ቤት እራት ልትበላ።»

ሁለት ክፍል አላት። የመጀመሪያው መንደርደሪያው ነው። «ክብደት ለመቀነስ በእግሯ ትሄዳለች» ስትሰሙ ጭንቅላታችሁ ሳታዙት ሥዕል ይሥላል፤ የስፖርት ጫማ፣ ላብ፣ የወሰነች ሴት። ሁለተኛው ክፍል መቋጫው ነው። እሱ ሲመጣ ያ ሁሉ ሥዕል በአንድ ጊዜ ይገለበጣል።

በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ፣ አንድ ደረጃ የቀረ መስሏችሁ እግራችሁን ስትሰዱ ወለሉ ቀድሞ ሲመጣ ክው የምትሉት ነገር አለ። ወለሉ ያው ድሮ የነበረበት ነው፤ ያስደነገጣችሁ እግራችሁ የያዘው ግምት ነው። ቀልድም የሚነሣው ከዚህ ዓይነት ግምት ነው። ተናጋሪው ሰሚውን እያወረደ ያመጣዋል፤ የመጨረሻዋን ደረጃ ግን አስቀድሞ አንሥቷታል።

እስቲ ሞክሩት። ቃላቱን ሳትቀንሱ ቅደም ተከተላቸውን ብቻ ለውጡ፦ «ጎረቤቴ እራት ልትበላ እኅቷ ቤት ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ትሄዳለች፤ ክብደት ለመቀነስ።» ወሬው ያው ነው። ሳቁ ግን ሳስቷል፤ መቋጫው ቀድሞ ወጥቶ መንደርደሪያው የሚገለብጠው ነገር አጥቷል።

እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ እገዛ ያደርግልናል። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሰውየው ነገሩን አድርጎት ይሁን ሳያደርገው፣ ሰሚው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ላያውቅ ይችላል። ተረት አዋቂ አያቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ግሡን ለአፍታ ይዘው የሚያቆዩት በከንቱ አይደለም። እናንተም «ትሄዳለች» ካላችሁ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ። ሳትቆዩ ካለፋችሁ ሰሚው ሥዕሉን አልጨረሰም፤ በጣም ከቆያችሁ ደግሞ መቋጫውን ይገምተዋል።

እስካሁን የሚታየውን ክፍል ፈታን። የማይታየው ክፍል ይበልጥ ይገርማል።

ቀልዷን እንዳለች ተዉአትና ጎረቤቲቱን አውጥታችሁ ሐኪማችሁን አስገቡ። «ሐኪሜ ክብደት ለመቀነስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል፤ እኅቱ ቤት እራት ሊበላ።» ሳቁ ከፍ ይላል። «ማታ ከባድ ምግብ አትብሉ» እያለ የሚያስጠነቅቀን ሰው ነዋ! ይህንን ግን ቀልዱ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ሰሚው ከራሱ ጓዳ አምጥቶ ጨመረው።

አሁን የግቢያችሁን ዘበኛ አስገቡ። «ዘበኛችን ክብደት ለመቀነስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል፤ እኅቱ ቤት እራት ሊበላ።» ጠረጴዛው ዙሪያ ዝምታ ይወርዳል። የዘበኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ ሁሉም ያውቃል። እኅቱ ቤት ድረስ የሚሄደው ራሱ ቤት የሚበላ ስለሌለ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

አንድ ሙከራ ይቀራል። ዘበኛው ራሱ ያውራት። «እኔ ክብደት ለመቀነስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እኅቴ ቤት እራት ልበላ።» ሳቁ ተመለሰ፤ ግን አቅጣጫው ዞሯል። አሁን የሚያስቀው «ክብደት ለመቀነስ» የሚለው ሐረግ ነው። ከበላነው ላይ ለመቀነስ ገንዘብ የምንከፍለው እኛ ተጎሸምን፤ እሱም እየሳቀ ያየናል።

የቀየርነው ነገር ቢኖር ሰውየውንና ተናጋሪውን ብቻ ነው። ያገኘነው አራት የተለያየ ቀልድ ነው። እንግዲያው የቀልድ ትልቁ ክፍል ከመንደርደሪያው በፊት አለ ማለት ነው፤ ሰሚው ስለ ሐኪም፣ ስለ ዘበኛ፣ ስለ ሴት፣ ስለ ገጠር ሰው አስቀድሞ ይዞት የተቀመጠው ሥዕል። ቀልደኛ የሚሠራው በዚያ ሥዕል ነው፤ ወይ እንዳለ ይጠቀምበታል፣ ወይ ይገለብጠዋል።

ስታንድ አፕ ኮሜዲ ይህንን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መድረክ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ፣ ሌላ ምንም የለም። ኮሜዲያኑ አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ የቆዳውን ቀለም፣ ፆታውን፣ አለባበሱን፣ አረማመዱን አንብቦ ጨርሷል። ይህንንም ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁትን ኮሜዲያን ክፈቱና ድምፁን አጥፉ። ሲወጣ ለግማሽ ደቂቃ እዩትና «ይህ ሰው ስለ ምን ሊያወራ ነው?» ለሚለው መልሳችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ድምፁን ክፈቱ። ጎበዙ ኮሜዲያን የጻፋችሁትን ያነበበ ይመስል መጀመሪያ የሚነካው እሱኑ ነው።

ይህንን ሥራ ጥቁር አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዲክ ግሪጎሪ በአንድ ምሽት ያሳየበት ታሪክ አለ። ጊዜው ጥር 13 ቀን 1961 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ቺካጎ የሚገኘው የፕሌይቦይ ክለብ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አርቲስት ነጮች ፊት መዝፈንና መጨፈር ይፈቀድለት ነበር። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እያየ፣ ሐሳቡን ማውራት ግን ሌላ ነገር ነበር። ግሪጎሪ በዚያ ምሽት የተጠራው ለቀረ ኮሜዲያን ምትክ ሆኖ ነው። አዳራሹን የሞሉት ደግሞ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ የቀዘቀዘ ምግብ ነጋዴዎች ነበሩ። የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት፣ መጸዳጃ ቤትና የአውቶቡስ ወንበር ተለይቶ ከነበረበት አገር የመጡ ነበሩ። የክለቡ ሰዎች ሰግተው ፕሮግራሙን ለሌላ ቀን ሊያዛውሩለት ፈለጉ። እሱ ግን መድረኩ ላይ ወጣ።

ምን አደረገ? እንደተለማመደው መጀመሪያ የቀለደው በራሱ ነው። የሚጠብቁትን ሥዕል ራሱ አነሣው፤ ቀድሞ ከእጃቸው ወሰደው። ሲስቁና ትከሻቸው ሲላላ ቀስ ብሎ ወደ እነሱ ዞረ፤ የመለያየቱን ሕግ ራሱን መቋጫው ውስጥ አስገባው። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ሳያነሣ ነው የሚያወራው። መሳደብ ያማራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ግን ሳቁ አሸነፋቸው። ከተመደበለት ጊዜ በላይ ቆየ። የክለቡ ባለቤት ሂዩ ሄፍነር ሥራውን ካየ በኋላ ቀጠረው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ስለ ወንበር ነው። የጃክ ፓር የቴሌቪዥን ዝግጅት በዚያን ጊዜ ለኮሜዲያን ትልቁ በር ነበር። ግሪጎሪ ሲጋበዝ እምቢ አለ። ምክንያቱም ጥቁር አርቲስቶች ሥራቸውን አቅርበው ይወጡ ነበር እንጂ እንደ ነጮቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አይጨዋወቱም ነበር። ፓር ራሱ ደውሎ «ትቀመጣለህ» ሲለው ሄደ፤ ተቀመጠም። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የቀልድን አሠራር ስለሚያስረዳ ነው። ቆሞ የሚያስቅን ሰው አስተናጋጁ አያነጋግረውም፤ ሥዕሉም እንዳለ ይቀራል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ልጆቹና ስለ ኑሮው ሲጠየቅ ግን ሚሊዮን ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሥዕል መቀየር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥቁር ኮሜዲያን መንደርደሪያውን ከሌላ ቦታ መጀመር ይችላል።

ሴቶቹ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ጥቁር አሜሪካዊቷን ኮሜዲያን ሞምስ ማብሊን ውሰዱ። ገና ወጣት ሳለች ጀምሮ መድረክ ላይ የምትወጣው ጥርስ እንደሌላት አሮጊት ሆና ነው፤ የቤት ቀሚስ፣ የተጣመመ ባርኔጣ፣ የሚጎተት ጫማ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠራችው የጥቁሮች ተመልካች በሚሞላቸው ቲያትር ቤቶች ነው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያለው የካርኔጊ አዳራሽ ላይ ወጣች። ለምን አሮጊት? ወጣት ጥቁር ሴት ስለ ወንድ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ዘር መድልዎ ብትናገር የሚያስቆማት ብዙ ነበር። አያትን ግን ማን ያቋርጣል? የእኛም ቤት አያቶች የሰፈሩን ሹም ፊት ለፊት የሚናገሩት በዚሁ ፈቃድ ነው። ማብሊ ይህንን ፈቃድ ልብስ አድርጋ ለበሰችው።

እንግሊዛዊው ሊ ሪድሊ ደግሞ የቀልድን የጊዜ አጠባበቅ እንደ አዲስ ያስተምረናል። በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት መናገር አይችልም። ቀልዱን አስቀድሞ ጽፎ መሣሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ መድረክ ላይ በጣቱ ሲነካው ማሽኑ በማሽን ድምፅ ያነብለታል። ራሱን «ሎስት ቮይስ ጋይ» ይላል፤ ድምፁ የጠፋበት ሰውዬ እንደማለት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. «ብሪቴንስ ጎት ታለንት» የተባለውን ውድድር አሸነፈ።

ቅድም ያልናትን የአንድ ትንፋሽ ቆይታ አስታውሱ። ሌላው ኮሜዲያን እሷን የሚለካው በድምፁ፣ በቅንድቡ፣ ቃል በመጎተት ነው። ሪድሊ ያለው ጣቱና የተመልካቹ ሳቅ ብቻ ነው። ማሽኑ ድምፁን ከፍ ዝቅ ስለማያደርግ፣ መቋጫው እየመጣ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምንም ምልክት ለሰሚው አይደርሰውም። ሌላው እንቅፋት የሚለው ነገር እሱ ዘንድ ስውር መሣሪያ ሆነ። አካል ጉዳተኛ ሲያይ «ልናዝንለት ይገባል» የሚለውን የተመልካች ሥዕል ደግሞ እሱ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያፈርሰዋል።

ይህ ሁሉ ሰው ራሱ ስለራሱ ሲናገር ነው። ሌላ ሰው ሲናገርለትስ?

ወደ ቤታችን እንምጣ። በአማርኛ ቀልድ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡትን ሰዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ከገጠር ትናንት የመጣው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ አማርኛው የሚወላገደው ነጋዴ። ሥራው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ቅላፄው ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሙከራ እንድትሠሩ እለምናችኋለሁ። በሌላ ብሔረሰብ ወይም በገጠር ሰው ቅላፄ የምታወሯትን አንዲት ቀልድ ምረጡ። ቅላፄውን አውጡትና በራሳችሁ አነጋገር አውሯት። ሳቅ ከቀረላት የሠራችው ቀልድ ነበረች። ምንም ካልቀረ ግን ያስቃችሁ የሰውየው አፍ ነበር ማለት ነው፤ መንደርደሪያም መቋጫም አልነበራትም።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው ሙከራ በአደባባይ ተሠርቷል። «ሲምፕሰንስ» በተባለው የካርቱን ፊልም ውስጥ አፑ የሚባል ሕንዳዊ ባለሱቅ አለ። ለረጅም ዓመታት ድምፁን የሠራለት ሃንክ አዛሪያ ሕንዳዊ አይደለም። የሕንድ ተወላጅ የሆነው ኮሜዲያን ሃሪ ኮንዳቦሉ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ውስጥ ከደቡብ እስያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሆኑ ተዋንያን የአፑን ቅላፄ እየኮረጁ ሰዎች ሲያፌዙባቸው እንዳደጉ ይናገራሉ። ቴሌቪዥን ላይ ያለው እነሱን የሚመስል ሰው አፑ ብቻ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የያዘው ሥዕል አንድ ይሆናል። አዛሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. ድምፁን መሥራት አቆመ።

ልብ በሉ፤ ችግሩ የመነጨው ከቅላፄው ብቻ አይደለም። አንድ ብቻ ከመሆኑ ነው። ሐኪም የሆነ፣ ፈሪ የሆነ፣ ቀናተኛ የሆነ፣ ዳንስ የማይችል ሌላ ሕንዳዊ በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ በብዛት ቢታይ ኖሮ አፑ አንድ ባለሱቅ ሆኖ ይቀር ነበር። እኛም ዘንድ የቤት ሠራተኛዋ ድራማ ውስጥ ከገባች ወይ የዋህ ናት ወይ ወሬ አመላላሽ። የቀጠሯትን ሰዎች ስታይ እሷ ራሷ የምትስቅበት ነገር ግን ከእነሱ ቀልድ ይበልጣል። ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ሁሉን የሚያይ፣ ማንም ልብ የማይለው ሰው ምን ያህል መንደርደሪያ እንደሚሰበስብ አስቡት።

ልብ ያልተባለውን ሰው ራሱ እንዲናገር የማድረግ ሥራ ከእኛው ወገን አንዱ እስራኤል ውስጥ ሠርቷል። ዮሲ ቫሳ ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን የሄደና ከዚያ ወደ እስራኤል የገባ ሰው ነው። ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚያቀርበው ትርዒት ርእሱ «በአማርኛ ሲባል ይሻላል» እንደማለት ነው። እስራኤላውያን ስለ ቤተ እስራኤል ይዘውት የነበረው ሥዕል ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ የሚታዘንለት መጤ የሚል ነበር። ቫሳ ያንን ሥዕል መንደርደሪያ አደረገውና ከውስጡ ተረበኛ፣ ተከራካሪ፣ የራሱን ቤተሰብና አዲሱን አገር እኩል የሚታዘብ ሰው አወጣ።

በኋላም ከሻይ ቤን አታር ጋር ሆኖ «ነቭሱ» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፈጠረ። ታሪኩ ስለ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ባልና ዘርዋ ከአውሮፓ ስለሆነች ሚስቱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አሸነፈ። እዚያ ቤት ውስጥ አማቾች ሲገናኙ ሁለት ወገን አለ፤ ሁለቱም ይሳሳታል፣ ሁለቱም ይመልሳል። ማንም የአንድ ሕዝብ ወኪል ሆኖ ብቻውን አይቆምም።

መመለስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። አዝማሪ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። አዝማሪው ወገባችሁን ዓይቶ፣ ኮታችሁን ዓይቶ ስንኝ ይሰካባችኋል። እናንተ ደግሞ ጠራ አድርጋችሁ ስንኝ ትሰጡታላችሁ፤ ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ አንዳንዴም በራሱ ላይ። የተነካው ሰው ቃል አለው። በጥንድ ሲሠሩ የነበሩት ኮሜዲያኖቻችንም፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ይህ ጥቅም ነበራቸው፤ አንዱ የሠራውን ሥዕል ሌላው እዚያው ያፈርሰዋል። ስታንድ አፕ ግን ማይኩ አንድ ነው። ስለዚህ ማይኩ በየምሽቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ሰው፣ ሳይናገር ቀልዱን ግማሽ ጽፎታል።

«እንግዲያው ስለራሱ የሚቀልድ ሁሉ ነጻ ነው» ብላችሁ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ይህ የቀልድ ማሽን አንድ አደገኛ ጥርስ አለው።

ጥቁር አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ቻፔል በ2005 እ.ኤ.አ. በሃምሳ ሚሊዮን ዶላር የተዋዋለበትን የቴሌቪዥን ሥራ ጥሎ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሰው ሁሉ አበደ አለ። በኋላ ራሱ ሲያስረዳ፣ ስለ ጥቁሮች የተለመደውን ሥዕል ለማፌዝ የሠራውን አንድ ትዕይንት ሲቀርጹ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ነጭ ሰው፣ ከሌላው ለየት ባለ ሁኔታ እንደሳቀና ያ ሳቅ እንዳሳሰበው ተናግሯል። እሱ ሥዕሉን ሊገለብጠው ነበር። ሰውየው ግን የሳቀው በሥዕሉ ነው መሰለው። ቀልዱ ተመሳሳይ፣ ተናጋሪው ተገቢው ሰው፣ ሳቁም ደማቅ ነበር። ከዚያ ቀልድ ሰሚው ይዞ የሚሄደውን ግን ተናጋሪው መቆጣጠር አልቻለም።

አውስትራሊያዊቷ ሃና ጋድስቢ «ናኔት» በተባለው ሥራዋ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ብዙ ያነጋገረው ነው፣ መድረክ ላይ ቀልድን ፈትታ አሳየች። ኮሜዲያን ሰሚውን ወጥሮ እንደሚያላላ፣ እሷም ለዓመታት በራሷ ላይ እየቀለደች ሌላውን ስታላላ እንደኖረች ተናገረች። የተገፋ ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ ትሕትና ሳይሆን ራስን ማዋረድ ሊሆን ይችላል አለች። ከዚያ ወጠረችና ሳታላላ ተወችው። ተመልካቹ ሳቁን ይዞ ቀረ። የቀልድ ማሽን ሲቆም ምን ድምፅ እንደሚያወጣ መስማት ከፈለጋችሁ እሱን እዩት።

እነዚህን ሁለቱን የማነሣው ቤታችንም ስላሉ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የቀልዱ ዒላማ የሆነውን ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ይስቃል። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ባጠናው መሠረት፣ ሰው ብቻውን ከሚስቀው በሰው መሐል ሆኖ የሚስቀው ሠላሳ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በየአደባባዩ ከተከታተለው ሳቅም አብዛኛው የመጣው ከቀልድ ቀጥሎ ሳይሆን «እሺ ቻው፣ እንገናኛለን» ከሚል ዓይነት ተራ ንግግር ቀጥሎ ነው። ሳቅ «አብሬያችሁ ነኝ» ማለት ነው። ስለዚህ የዘበኛው ሳቅ፣ የሠራተኛዋ ሳቅ፣ አማርኛዋ ሲኮረጅ የምትስቀው የክፍል ጓደኛችሁ ሳቅ፣ ቀልዱ አስቋቸዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

መለየት ይቻላል። በሚቀጥለው ጊዜ ቀልድ ሲነገር ተናጋሪውን ተዉና ሰሚዎቹን እዩ። ወዲያው የሚስቅ አለ፤ ሌላውን አይቶ የሚስቅ አለ። ዓይኑን ቀድሞ ወደ ሌሎች የሰደደው ሰው የሚስቀው ላለመለየት ሊሆን ይችላል። ይህንን አንዴ ካያችሁ በኋላ አለማየት ይከብዳል።

መልካሙ ዜና፣ የዚህ ማሽን ነዳጅ አዲስ ዝርዝር ነው። ተመልካቹ የሚያውቀው ሥዕል ሲደጋገም ደረጃዋን እግሩ ይለምዳታል፤ ክው ማለት ያቆማል። በዚህ የተነሣ አዳዲስ ዓይነት ሰዎች መድረክ ላይ ሲወጡ ሳቁ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን አሊ ዎንግ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአንድ ሰዓት ያህል ሥራዋን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቆማ አቀረበች። ስለ ትዳር በሺህ የሚቆጠር ወንድ ቀልዷል። ሆዷን ይዛ የምታወራ ሴት ግን ማንም ያልሰማውን ዝርዝር ይዛ መጣች፤ ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

እኛ ዘንድ ይህ ነዳጅ የተከማቸበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የድግስ ለት ጓዳ ነው። ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ወጥ እየተማሰለ ሴቶቹ የሚያወሩት ቀልድ ሳሎን ካለው የወንዶች ጨዋታ ስንት እጅ ይበልጣል! ባሎች፣ አማቶች፣ የሰርግ ወጪ፣ የቄሱ ሆድ፣ ምንም አይቀራቸውም። መንደርደሪያው ረጅም፣ መቋጫው አጭር፣ ቆይታው ልክ ነው። ወደ መድረክና ወደ ቴሌቪዥን የደረሰው ግን ጥቂት ነው፤ ማይኩ ለረጅም ጊዜ በወንዶች እጅ ቆይቷልና። ሴት መስሎ የሚሠራ ወንድ ከጓዳው ያልሰማውን ሊያመጣ አይችልም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እነሆ። ከቤታችሁ ሴቶች አንዷን፣ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ወይም ፈቃደኛ ከሆነች የቤት ሠራተኛችሁን፣ ጓዳ ውስጥ ሆና አንድ የሚያስቃትን ታሪክ እንድታወራላችሁ ጠይቋት። ሌላ ቀን ያንኑ ታሪክ ሳሎን፣ እንግዶችና ወንዶች ባሉበት ታውራው። ታሪኩ አጥሮ ይመጣል። የትኛው ክፍል እንደወጣ ልብ በሉና ብቻዋን ስታገኟት ለምን እንደዘለለችው ጠይቋት፤ ጊዜ ስጧት፣ አታቋርጧት።